ኢማም አቡ ሐኒፋ፤ የአዋቂን እጅ ማሰር የከበዳቸው የሐር ነጋዴ

በረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ ውስጥ ቁርኣን ይዘን ስንቀመጥ፣ በሌላው ወር እምብዛም የማይመጣ ጥያቄ ይመጣል። ዘካዬን አስሉልኝ የሚል አለ፤ ከወንድሜ ጋር አስታርቁኝ የሚል አለ። ከሁሉ የሚደጋገመው ግን የውርስ ጉዳይ ነው። አባት ሞቶ ልጆች ድርሻ ድርሻቸውን ወስደዋል፤ ከመሀላቸው አንዱ የደረሰውን ለጫትና ለባልንጀራ ይበትናል። እናት ታለቅሳለች፤ ወንድሞች ደግሞ ቤቱን ሳይሸጠው እጁን የሚያስርልን ማን ነው ይላሉ። ልጁ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አእምሮው ጤነኛ ነው። ገንዘቡም የራሱ ነው።

ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ወሎ ውስጥ ከሸኻችን ፊት ቁጭ ብለን ቁዱሪን ወደቀራንበት ጊዜ ይመለሳል። ቁዱሪ የሐነፊይ መዝሀብ የታወቀ የፊቅህ ኪታብ ነው። በውስጡ ስለ ሐጅር፣ ማለትም አንድን ሰው በገዛ ንብረቱ እንዳያዝዝ ስለመከልከል የሚናገር ምዕራፍ አለ። እዚያ ምዕራፍ ላይ መምህርና ሁለት ደረሶቻቸው በሐሳብ ተለያይተው ይገኛሉ። መምህሩ ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። ያኔ በልጅ አእምሮ ምዕራፉን ሸምድደን አለፍነው። የሰውየውን ሕይወት ካነበብኩ በኋላ ግን ያ አቋማቸው ከኪታብ ብቻ የወጣ እንዳልሆነ ገባኝ።

ስማቸው ኑዕማን ኢብኑ ሣቢት ነው። በ80 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 699) ኢራቅ ውስጥ በኩፋ ከተማ ተወለዱ። ዘራቸው ከፋርስ ነው፤ አያታቸው ከካቡል ወገን እንደመጡ ይነገራል። ኩፋ በዑመር ኢብኑል ኸጧብ የኸሊፋነት ዘመን ለጦር ሰፈርነት የተቆረቆረች ናት፤ ኑዕማን በተወለዱበት ጊዜ ግን ዐረቡም ፋርሱም፣ ወታደሩም ነጋዴውም፣ ዓሊሙም አመፀኛውም የተቀላቀለባት ትልቅ ከተማ ሆና ነበር። ቤተሰቡ የሚተዳደረው በሐር ጨርቅ ንግድ ስለነበር ወጣቱም ጧት ማታ ገበያ ይውል ነበር። አንድ ቀን ታላቁ ዓሊም አሽ-ሸዕቢ መንገድ ላይ አግኝተውት ወዴት እንደሚመላለስ ጠየቁት። እርሱ የገበያውን ነጋዴ ስም ጠራ፤ እሳቸው የጠየቁት ግን ከየትኛው ዓሊም ዘንድ እንደሚቀራ ነበር። ንቃቱን አይተው ወደ ዒልም እንዲዞር መከሩት። ምክሩ ልቡ ውስጥ ገባ።

ብዙም ሳይቆዩ ኑዕማን ከሐማድ ኢብኑ አቢ ሱለይማን ሐለቃ ተቀመጡ። መምህራቸው በ120 ዓመተ ሂጅራ እስኪሞቱ ድረስ 18 ዓመት ያህል ከዚያ አልተለዩም፤ ከዚያ በኋላም የሐለቃውን ቦታ የያዙት እርሳቸው ናቸው።

ሱቃቸውን ግን አልዘጉም። ይህን ነገር ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን የሕይወታቸው ቁልፍ እርሱ ይመስለኛል። ከንግዱ በሚያገኙት ትርፍ ራሳቸውን ያስተዳድራሉ፣ ድሃ ደረሶቻቸውንም ይቀልባሉ። አቡ ዩሱፍ የተባለው ደረሳ ከቤተሰቡ ችግር የተነሣ ከሐለቃው ሊቀር ሲል፣ መቶ ዲርሀም ሰጥተው ሲያልቅብህ ንገረኝ ብለው የመለሱት እርሳቸው ናቸው። ከገዥ እጅ ስጦታ አይቀበሉም ነበር። ገበያ ውስጥ የዋለ ሰው ደግሞ ሰዎች በገንዘባቸው እንዴት እንደሚሳሳቱ፣ እንዴት እንደሚታለሉም በዓይኑ ያያል።

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት የሐር ልብስ ልትሸጥላቸው አመጣች። ዋጋውን ሲጠይቋት መቶ አለች። ከዚያ በላይ ያወጣል አሏት። መቶ ጨመረች፤ አሁንም ከዚያ በላይ ነው አሉ። እንዲህ እያሉ አራት መቶ ስትደርስ አሁንም ከዚህ ይበልጣል ቢሏት ሴትዮዋ የሚያላግጡባት መሰላት። ዋጋ የሚያውቅ ሰው አምጪ አሏት። ሰው መጣ፤ ልብሱን በአምስት መቶ ገዙት። ሌላ ጊዜ ደግሞ የንግድ ሸሪካቸው እንከን ያለበትን ጨርቅ እንከኑን ለገዥው ሳይናገር ሸጠው። ቀድመው ነግረውት ነበር፤ ረሳ። ገዥው ማን እንደሆነ ማወቅ አልተቻለም። ኢማሙም የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ አደረጉት።

በገበያው የሙሕተሲብ፣ ማለትም የሚዛንና የዋጋ ተቆጣጣሪ ዓይን ቢኖርም፣ በእነዚህ በሁለቱ ጊዜያት ያስገደዳቸው ተቆጣጣሪ አልነበረም። ሴትዮዋን ከኪሳራ ያዳናት የገዥዋ አላህን መፍራት ብቻ ነው። አቡ ሐኒፋ ለሰው ነፃነትን ሲሰጡ ከዚህ ተነሥተው መሆኑን መርሳት አይገባም።

የሐለቃቸውም አሠራር የራሱ መልክ ነበረው። አንድ ጉዳይ ይቀርባል፤ ደረሶቹ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይከራከሩበታል። መምህሩን መቃወም ነውር አልነበረም። ክርክሩ ሲያልቅ ይጻፋል። ከዚህ ሐለቃ ከወጡት መካከል አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አሽ-ሸይባኒ ከመምህራቸው ጋር በብዙ ጉዳይ ተለያይተዋል፤ መለያየታቸውም ከእርሳቸው አስተያየት ጎን ለጎን እስከ ዛሬ ይቀራል።

ከእነዚህ አንዱ የአባካኙ ጉዳይ ነው። የኢማሙ አቋም እንዲህ ነው። ነፃ የሆነ፣ ለአቅመ አዳም የደረሰና አእምሮው ጤነኛ የሆነ ሰው ገንዘቡን ያለ ጥቅም ቢበትን እንኳ ቃዲ ሐጅር አይጥልበትም። ሽያጩም ግዥውም ይጸናል። ልጅነቱን ገና የጨረሰ ወጣት ማስተዋል ካልታየበት በቁርኣን አን-ኒሳእ ምዕራፍ መጀመሪያ አካባቢ በተነገረው መሠረት ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ይቆይለታል፤ እስከ 25 ዓመቱ ብቻ። 25 ከሞላው ግን ቢያስተውልም ባያስተውልም ይሰጠዋል። ለምን 25 ሆነ ለሚለው የመዝሀቡ ዑለማዎች አንድ የሚያስፈግግ ሒሳብ አላቸው፤ በዚህ ዕድሜ ሰው አያት ሊሆን ይችላል፣ አያት የሚሆን ሰው ደግሞ እንደ ልጅ አይያዝም ይላሉ። ሸኻችን ይህን ሲነግሩን ደረሳው ሁሉ ስቆ ነበር።

ምክንያታቸው ግን የሚያስቅ አይደለም። አእምሮ ያለውን ሰው በገዛ ንብረቱ እንዳያዝዝ መከልከል ሰውነቱን ማሳነስና ከእንስሳ ጋር ማስተካከል ነው ይላሉ። ይህ ጉዳት ገንዘብ ከመጥፋት ይበልጣል። የሐነፊይ ዑለማዎች ለዚህ የአንድ የመዲና አንሷሪ ታሪክ ያነሣሉ። ሰውየው ደካማ ስለነበር በንግድ ይታለል ነበር። ቤተሰቦቹ ወደ ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው እንዲከለክሉላቸው ጠየቁ። ነብዩም ጠርተው ከመሸጥና ከመግዛት እንዲቆጠብ መከሩት። እርሱ ግን ከንግድ መታገሥ አልቻለም። ያኔ እንግዲያው ስትገበያይ ማታለል እንደሌለ አስታውቅ አሉት፤ ይህን ካለ በኋላ ዕቃውን ለመመለስ ሦስት ቀን ምርጫ እንደተሰጠውም ተዘግቧል። እጁ አልታሰረም፤ የሚከላከልበት ነገር ተሰጠው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው አቡ ሐኒፋን ማንም የፈለገውን ያድርግ ባይ ሊያስመስላቸው ይችላል። አይደሉም። ሦስት ዓይነት ሰዎች ከሥራቸው ይከልከሉ ብለዋል። አንደኛው ሕክምና ሳያውቅ ሐኪም ነኝ የሚል ነው። ሁለተኛው ሰዎችን የዲን ማምለጫ ዘዴ የሚያስተምር ነውረ ቢስ ሙፍቲ ነው። ሦስተኛው ከስሮ ሳለ ግመል አከራያለሁ የሚል ነው፤ የሐጅ መንገደኞችን ገንዘብ ይቀበላል፣ የመነሻው ቀን ሲደርስ ግመልም የለው ባለቤቱም የለ፣ መንገደኛው ሐጁ ያመልጠዋል። የመጀመሪያው የሰውን ገላ፣ ሁለተኛው የሰውን ዲን፣ ሦስተኛው የሰውን ገንዘብ ያበላሻል። አባካኙ የሚያጠፋው የራሱን ነው፤ እነዚህ ግን የሌላውን ነው። የመንግሥት እጅ እዚህ ላይ መግባት አለበት ባይ ነበሩ። ይህን መስመር ያሰመሩት ከ1250 ዓመት በፊት መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ዛሬም በየሰፈሩ የሐሰት መድኃኒተኛና ተጓዥ አታላይ ሲያጋጥመን እንወያይበታለን።

በጋብቻም ቢሆን ተመሳሳይ መንገድ ይዘዋል። ለአቅመ ሔዋን የደረሰችና አእምሮዋ ጤነኛ የሆነች ሴት ራሷን ብታጋባ ኒካሑ ይጸናል ብለዋል። ሌሎቹ መዝሀቦች በዚህ አይስማሙም፣ ወሊይ ግድ ይላሉ። እርሳቸውም ቢሆኑ ወሊዩን ጨርሰው አላስወጡትም፤ ሰውየው የማይመጥናት ከሆነ ወይም መህሯ ከአቻዎቿ ካነሰ ቃዲ ፊት ቀርቦ የመቃወም መብት ሰጥተውታል። ውሳኔው የእርሷ፣ አቤቱታው የቤተሰቡ ማለት ነው።

ይህ አካሄድ ዋጋ የለውም ማለት ግን ልክ አይሆንም። ባለዕዳው ላይ ሲደርስ ይከብዳል። አቡ ሐኒፋ ቃዲው የባለዕዳውን ንብረት በኃይል ይሽጥ አላሉም፤ ራሱ እስኪሸጥ ድረስ ይታሰር አሉ። የንብረቱን ሥልጣን ላለመንካት ብለው ገላውን ወህኒ ላኩት። አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ በዚህም አልተስማሙም፤ ቃዲው ይሽጥና ለአበዳሪዎቹ ያከፋፍል አሉ። በአባካኙም ጉዳይ ለራሱ ታዝኖለት ሐጅር ይጣልበት አሉ። ልብ ማለት የሚገባው አቡ ዩሱፍ በሐሩን አር-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ ቃዲ፣ ሙሐመድ ደግሞ የረቃ ከተማ ቃዲ ሆነው መሥራታቸውን ነው። የሚያለቅሱ እናቶች ፊታቸው ቆመዋል። መምህራቸው በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም። መዝሀቡም በዚህ ጉዳይ ፈትዋውን የሰጠው በሁለቱ ነው፤ ብዙ ዘመን ቆይቶ የወጣው የኦቶማኖች የመጀሌ ሕግም አባካኙን ቃዲ እንዲከለክለው ፈቅዷል።

እኔም ሲጠይቁኝ ፈትዋው በሁለቱ ነው ብዬ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ከሽማግሌዎች ጋር ሆኜ አንድን ወጣት ንብረቱን ለታላቅ ወንድሙ በውክልና እንዲሰጥ ወትውቼ አስፈርሜዋለሁ። ቤቱ ከመሸጥ ተረፈ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ከእኛ መስጂድ ለተራዊሕ እንኳ አልመጣም፤ መንገድ ላይ ሲያየኝም ይሻገራል። መምህሩ የፈሩት ይህን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አቡ ሐኒፋ ራሳቸው አባካኝ ጎረቤት ነበራቸው። ጫማ ሰፊ ነው። ቀን ሲሠራ ይውላል፣ ማታ ሥጋና መጠጥ ይዞ ይገባል፣ ሲሰክር ሰዎች እንዴት ያለ ጀግና እንዳጠፉ የሚያማርር ዘፈን ያንጎራጉራል። ኢማሙ ለሌሊት ሶላት ሲቆሙ ድምፁን እየሰሙ ይሰግዱ ነበር። ቅሬታ አላቀረቡበትም። አንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። ሲጠይቁ የሌሊት ዘበኞች ወስደው አስረውታል ተባሉ። ሱብሒ እንደሰገዱ በበቅሏቸው ተቀምጠው ወደ ገዥው ግቢ ሄዱ። ገዥው በክብር ተቀበላቸው፤ ጫማ ሰፊውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ሌሊት የተያዙትን ሁሉ ለእርሳቸው ሲል ፈታ። በመንገድ ሲመለሱ ኢማሙ ሰውየውን እኛስ አጠፋንህ ወይ ብለው በዘፈኑ ነካ አደረጉት። ጫማ ሰፊው ጎረቤትነታቸውን አመሰገነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠጡን ተወ ይላሉ ታሪኩን ያስተላለፉት። የረዳው ዘበኛው ይሁን ጎረቤቱ፣ አንባቢ ይፍረድ።

ከመንግሥት ጋር የነበራቸው ነገር ግን ሁልጊዜ እንደዚህ በመልካም አልተጠናቀቀም። በበኑ ኡመያ መንግሥት ማብቂያ የኢራቅ ገዥ የነበረው ኢብኑ ሁበይራ ሹመት እንዲቀበሉ ጠየቃቸው። ያስፈለገው የዓሊሙ ስም በደብዳቤው ላይ እንዲኖር ነበር። እምቢ አሉ። አስገረፋቸው፤ በየቀኑ አሥር አሥር እያለ 110 ጅራፍ እንደደረሰ ይተረካል። ሲለቀቁ ወደ መካ ተሰደዱ፤ የበኑ ዐባስ መንግሥት እስኪቋቋም ድረስም እዚያው ቆዩ።

አዲሱም መንግሥት አልተዋቸውም። በ148 ዓመተ ሂጅራ የሞሱል ከተማ ሰዎች በኸሊፋው አል-መንሱር ላይ ተነሡ። ቀድሞ ዳግም ካመፅን ደማችንም ንብረታችንም ለአንተ ሐላል ይሁን ብለው ቃል ገብተው ነበር። ኸሊፋው ዑለማዎችን ሰብስቦ ቃላቸውን ስላፈረሱ ደማቸው ሐላል አልሆነልኝም ወይ ሲል ጠየቀ። አንዳንዶቹ ብትምራቸው መሐሪ ነህ፣ ብትቀጣቸው ይገባቸዋል የሚል መልስ ሰጡ። አቡ ሐኒፋ ዝም አሉ። ኸሊፋው ወደ እርሳቸው ሲዞር የሞሱል ሰዎች የሰጡህ የእነርሱ ያልሆነውን ነው፣ አንተም የወሰድከው የማይገባህን ነው የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጡት። የሙስሊም ደም ባለቤቱ ራሱ ቢፈቅድ እንኳ በውል የሚሰጥ ነገር አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑል አሲር እንደሚለው ኸሊፋው የሞሱልን ሰዎች ሳይነካ ተወ።

ገንዘቡን እንዲበትን ለአዋቂ ሰው የፈቀዱት ኢማም፣ ነፍሱን ለገዥ እንዲያስረክብ አልፈቀዱለትም። ቁዱሪን ስቀራ ያልገባኝ ነገር እዚህ ጋ ነው የገባኝ።

በመጨረሻም አል-መንሱር ወደ ባግዳድ አስመጥቶ ቃዲ ሁን አላቸው። ለዚህ አልበቃም አሉ። ትዋሻለህ አላቸው። እርሳቸውም እንግዲያው ነገሩ አለቀ፤ እውነቴን ከሆነ አልበቃም ብያለሁ፣ ውሸታም ከሆንኩ ደግሞ ውሸታም ቃዲ አይሆንም የሚል መልስ ሰጡ። ኸሊፋው እንዲሾሙ ማለ፣ እርሳቸውም ላይሾሙ ማሉ። መሐላውን ለማስፈጸም በባግዳድ ግንባታ ላይ የጡብ ቁጥጥር እንደሰጣቸው፣ ጡቡንም በሸምበቆ እየለኩ ይቆጥሩ እንደነበር ጦበሪ ዘግቧል። ለጡብ ቆጠራ እምቢ አላሉም። በሰው ላይ ለመፍረድ ግን፣ ፍርዱ ኸሊፋው የሚፈልገው መሆን እንዳለበት እያወቁ፣ አልተቀመጡም።

ታሰሩ። ከወህኒ ሳይወጡ ሞቱ ወይስ ከወጡ ጥቂት ቆይተው በሚለው ዘጋቢዎች ይለያያሉ፤ ዓመቱ ግን 150 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 767)፣ ቦታውም ባግዳድ ነው። ጀናዛቸው ላይ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ ስድስት ጊዜ ተሰገደ ይባላል።

ከመሞታቸው በፊት የተናዘዙት አንድ ነገር ነበር። መንግሥት ከባለቤቱ በግፍ ነጥቆ የወሰደው ነው በሚባል መሬት ላይ እንዳይቀበሩ። በባግዳድ ምሥራቅ በኩል በሚገኘው የኸይዙራን መቃብር ቀበሯቸው። ሰፈሩ በቅጽል ስማቸው፣ አል-ኢማሙል አዕዞም በሚለው፣ ዛሬም አዕዞሚያ ይባላል።